ሦስት ጋት ውሃ፣ ሁለት ጋት አሸዋ

ሚስቴን ያገኘሁት በአሸዋ ነው ስል የሰማኝ ሁሉ የግንበኛ ታሪክ የምነግረው ይመስለዋል። ግንበኛ አይደለሁም፤ በዕድሜዬ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ እዚያው ከሚሴ ነው። ለልጆቼ ስነግራቸው ሰው ሲያረጅ ይቀባጥራል እያሉ ይተያያሉ። እናንተም ባታምኑኝ አልቀየምም፤ በቦታው ባልኖር እኔም አላምንም ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ደሴ ተምሬ፣ ትንሽ እንግሊዝኛ ይዤ አገሬ ተመለስኩ። ችግሩ ከሚሴ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። አማርኛና ኦሮምኛ መቻሌን ማንም እንደ እውቀት አይቆጥርልኝም፤ በእኛ አገር እሱን የማይችል ማን አለ? እንዲህ ሥራ ፈትቼ ከመንገዱ ዳር መኪና ስቆጥር ነው ሚስተር የመጣው።

እውነተኛ ስሙ ረጅም ስለነበረ ከተማው ሚስተር ብሎ ገላገለው። ፀሐይ አፍንጫውን የላጠችው፣ ቀጭን የውሃ መሐንዲስ ነበር። የቦርከና ወንዝ በክረምት ጨፋ ሜዳ ላይ ሲተኛ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ያንን ውሃ በግድብ ይዞ በበጋ እርሻ ለማጠጣት ታስቦ ነበር። ሚስተር ግን የተላከው ግድቡን ሊሠራ አልነበረም። የተጠራቀመ ውሃ ነፋስ ሲመታው ሞገድ ያነሣል፤ ሞገዱም ታች ያለውን አሸዋ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ልክ እንደታረሰ መሬት ይተልመዋል። ያ ትልም ምን ያህል እንደሚሰፋ አስቀድሞ ለማወቅ ነው ሰውዬው ባሕር ተሻግሮ የመጣው። አስተርጓሚው እኔ፣ ሰዒድ፣ ሆንኩ።

ሥራውን ሲያስረዳኝ ደጋግሜ አስደገምኩት። ሰው ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል ብዬ ማመን አቃተኝ። እሱም ሳይሰለች፣ ትልሙ ሲተልቅ ከውሃው ሥር ያለው ወለል እንደሚሻክር፣ ወለሉ ሲሻክር ውሃውም ደለሉም አካሄዳቸው እንደሚለወጥ ነገረኝ። ከወንዙ ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጎንና ጎኑ መስታወት የሆነ ረጅም የሳንቃ ገንዳ አሠራ። በአንደኛው ጫፍ አንድ ሳንቃ ተንጠልጥሏል፤ እጀታ ሲዞር ሳንቃው እየተመላለሰ ሞገድ ይፈጥራል። ታች አሸዋ ይነጠፋል። እጀታውን አዟሪም እኔው ነበርኩ፤ የተማረ ሰው ነኝ ብዬ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አኩርፌ ነበር።

ለሚስተር በየጠዋቱ ወተት የምታመጣለት ዘሀራ የምትባል የጨፋ ልጅ ነበረች። ስለ እሷ ብዙ አልናገርም፤ አሁንም ጓዳ ሆና ትሰማኛለች። በሦስት ቋንቋ እናገራለሁ የምለው ሰውዬ፣ እሷ ስትመጣ ወተቱን ተቀብዬ «ነገም ታመጫለሽ?» ከማለት አልፌ አላውቅም። እሷም «ላሟ ካለች» ትለኛለች። በዚች ንግግር ብቻ ወራት አለፉ፤ እኔም ያለሷ መኖር እንደማልችል ወሰንኩ። እንደ ደንቡ ለእሷ ሳይሆን ለአባቷ ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ አባባ ይማም በጨፋ የታወቁ ሞራ አንባቢ ነበሩ። ለማታውቁት፦ ፍየል ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የሚሸፍነውን ስስ ሞራ ወደ ብርሃን ዘርግተው፣ በላዩ ላይ ባሉት መስመሮችና ነጠብጣቦች የሚመጣውን ይናገራሉ። ሞራው ላይ የባለቤቱ ቦታ ለብቻ ነው፣ የሚስቱ ለብቻ፣ የከብቱ ለብቻ። ፍየሉ ደግሞ ጠያቂው ቤት የከረመ መሆን አለበት። ዛሬ ከገበያ ገዝተህ ዛሬውኑ ብታርደው የሚናገረው የሻጩን ዕጣ ነው። የመንደሩ ሼኽ ይህን ሁሉ አጥብቀው ያወግዙ ነበር፤ አባባ ይማምም አላህ ያውቃል፣ እኛ ምልክት እናያለን እያሉ ያነቡ ነበር።

ሽማግሌዎቼ ሲደርሱ የሌላ ሰው ሽማግሌ ቀድሞ ተቀምጦ አገኙ። ኡመር የሚባል የባቲ ነጋዴ ነው፤ ከባቲ አሞሌ ጨው እየጫነ የሚመላለስባት አንዲት ያረጀች ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነበረችው። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን ሳቂታ፣ ለጋስ፣ መንገድ ላይ የቆመ አሮጊት ካየ ጭኖ የሚያልፍ ሰው ነበር። አባባ ይማም ግራ ገባቸው። ሁለታችንም ቤታችን የከረመ ፍየል እንድናመጣ አዘዙ፣ ሁለቱም ታረዱ፣ ሁለቱም ሞራዎች አንድ ዓይነት ሆኑ። እዚህም ደኅና፣ እዚያም ደኅና። አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ፣ በዚች መሳሳት አልችልም ብለው ሁላችንንም አሰናበቱን።

በዚህ መሐል አንድ ቀን አባባ ይማም ከብት ውሃ ሊያጠጡ ወርደው ገንዳው ጋ ቆሙ። ሚስተር አሸዋውን ደልድሎ፣ በመስታወቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። የመጀመሪያው ትልም እዚህ፣ ሁለተኛው እዚህ፣ ሦስተኛው እዚህ። እኔ እጀታውን አዞርኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አሸዋው ተነሥቶ ትልሙን ሠራ፤ ስፋቱ ከጠመኔው መስመር ጋር ልክክ አለ። አባባ ይማም ከብቶቹን ረስተው እስኪመሽ እዚያው ቆሙ። ከዚያ እኔን ጠርተው ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ የማነበው ታርዶ ያለቀ ነገር ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ውሃው ሳይጽፍ ያነባል። ወላሂ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ልቤ በደስታ ሞላ፤ ዕውቀት ተከበረ ብዬ። በማግስቱ ሽማግሌ ልከው ውሳኔያቸውን አሳወቁ። የእኔና የኡመር ነገር በገንዳው ይቆረጣል። ፈረንጁ አስቀድሞ ስፋቱን በሰው ፊት ይናገራል፤ አሸዋው እንደተነገረው የሆነለት ሰው ዘሀራን ያገባል፣ ያልሆነለት ይቀራል። አሸዋውም እንደ ፍየሉ ጠያቂው ቤት ማደር አለበት፤ አለበለዚያ የሚናገረው የወንዙን ዕጣ ነው። ከጁምዓ ጀምሮ አሸዋችሁን ቤት አስገቡ፣ ሰኞ ገንዳው ጋ እንገናኝ ተባለ።

ይህን ለሚስተር እንዴት እንደተረጎምኩለት አትጠይቁኝ። ላብ እያጠመቀኝ፣ ፍቅሬንም፣ ፍየሎቹንም፣ ሽማግሌዎቹንም አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የሁለተኛው ሰው አሸዋ ከየት ነው የሚመጣው አለኝ። ከባቲ ነው ስለው ፊቱ በራ። ከቦርከናው ሻከር ያለ አሸዋ ለማወዳደር ሲፈልግ ኖሯል። ስለ እኔ ጋብቻ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ጁምዓ ዕለት አምስት ጆንያ የቦርከና አሸዋ ተሸክሜ ተከራይቼ ወደምኖርበት ክፍል አስገባሁ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ስንዱ የተባሉ ደግ ክርስቲያን ሴት ነበሩ። በር ላይ ቆመው ጆንያዎቹን ካዩ በኋላ፣ ሰው ሙሽራ ያስገባል እንጂ አሸዋ ያስገባል ወይ ብለው አማተቡ። ነገሩን ሳስረዳቸው ግን የራሳቸው ጉዳይ አደረጉት። አሸዋው እንዳይበርደው ጋቢ ካላለበስኩት ብለው ሞገቱኝ። የበረደዎትስ እርስዎ ነዎት፣ አሸዋ ምን ይሆናል ብላቸውም አልሰሙኝም። ይባስ ብሎ ዶሮዎቻቸው መኝታቸውን ትተው እኔ ክፍል ገብተው አሸዋው ላይ ይንከባለሉ ጀመር። እሑድን ሙሉ ዶሮ ሳባርር ዋልኩ። ስቃችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን ላብድ ነበር። ያቺን ልጅ በዶሮ ምክንያት ላጣት ነው እያልኩ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በኡመር በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ ተነሣ። አሸዋው ያደረው ቤት ሳይሆን መኪናው ላይ ነው። ሽማግሌዎቼ ይህን ሰምተው ውድድሩ ይፍረስ አሉ። የእሱ ሽማግሌዎች ደግሞ ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ የሚያድረው መኪናው ላይ አይደለም ወይ፣ ቤት ማለት የሚታደርበት አይደለም ወይ ብለው ተከራከሩ። ሰኞ ጠዋት ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ ጫት እየቀነጠሱ ይህንኑ ሲመረምሩ ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። በመጨረሻ መኪና ቤት ነው ተብሎ ተፈረደ። ዱዓ ተደረገ፤ ለግድቡ፣ ለዝናቡ፣ ለአሸዋው።

ሚስተር ገንዳውን በርዝመቱ በሳንቃ ከፍሎ በወዲህ የእኔን፣ በወዲያ የኡመርን አሸዋ አነጠፈ። እጀታውን ማን ያዙር የሚል ጠብ ሊነሣ ሲል፣ አባባ ይማም ሁለታችንም አብረን እንድናዞር አዘዙ። ስለዚህ ለአንዲት ልጅ የምንፎካከር ሁለት ወንዶች፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን አንድ እጀታ ያዝን። ኡመር በጆሮዬ «አብሽር፣ አላህ ያለው ይሆናል» አለኝ። ይህ ደግነቱ ነበር በጣም የሚያናድደኝ።

ከዚያ ሚስተር እንዲተነብይ ተጠየቀ። የእንጨት ማስመሪያውን ትቶ፣ ሽማግሌዎቹ እንዲገባቸው ብሎ፣ እኔ ባስተማርኩት በጋት፣ በአራት ጣት ስፋት፣ ተናገረ። ታች ያለው ውሃ ሦስት ጋት ያህል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ትልሙ ሁለት ጋት ይሆናል።

«የማን ትልም?» አሉ አባባ ይማም።

«የሁለቱም» ብሎ መለሰ፤ ተረጎምኩ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። የባቲ አሸዋና የቦርከና አሸዋ በምን ዝምድናቸው እኩል ይተለማሉ? አንዱ ሽማግሌ ፈረንጁ ፈርቶ ነው፣ ማንንም ላለማስቀየም ነው አሉ። አባባ ይማም ግን ይሁን አሉ። ከሁለቱ አንዱ ከተባለው መዛነፉ አይቀርም፤ ያልተዛነፈው ይወስዳታል። ዘሀራ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ወደዚያ ለማየት አንገቴን ባዞር እጀታው እንዳይዛባ ፈራሁ።

ማዞር ጀመርን። መጀመሪያ ምንም የለም፤ አሸዋው ዝም። ቀጥሎ ፍሬዎቹ ይንከባለሉ ጀመር። በእኔ በኩል ጥቃቅን ትልሞች ቶሎ ወጡ፤ ወገኖቼ እልል አሉ። የኡመር ዘግይቶ ተነሣ፣ ግን አንዴ ከተነሣ በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ሁለት ጋት ሄደ። የእኔ አንድ ጋት ከምናምን ላይ ቆመ። በዚያ ላይ ከአሸዋዬ ውስጥ አንዲት የዶሮ ላባ ወጥታ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። ላባዋ ምልክት ናት አይደለችም የሚል ክርክር ወዲያው ተጀመረ። ክንዴ ዛለ። ትልሜን እያየሁ በልቤ እለምነው ነበር። ሰው አሸዋ ሲለምን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሚስተር ብቻ ጣቱን ወደ መስታወቱ ቀስሮ፣ ቀጥሉ፣ ገና ነው ይላል። ቀጠልን። ያኔ አንዲት ትንሽ ትልም ከጎረቤቷ ጋር ስትዋሃድ አየሁ። ሌላዋም እንዲሁ። ትንንሾቹ ወደ ትልልቆቹ እየገቡ፣ ክፍተቱ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄደ። አቁሙ ስንባል አባባ ይማም ቀረቡ፤ አራት ጣታቸውን በእኔ በኩል መስታወቱ ላይ ለጠፉ፣ ቀጥለው ሌላውን እጃቸውን ለጠፉ። ሁለት ጋት። ወደ ኡመር በኩል ዞሩ። እሱም ሁለት ጋት።

አልተሸነፍኩም ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ አላሸነፍኩምም ማለት መሆኑ ገባኝ። እንደ ፍየሎቹ ሆነ። ሁለት ፍየል፣ አምስት ጆንያ አሸዋና አንድ መሐንዲስ አልቀው ነገሩ እዚያው የነበረበት ቆመ። ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ነገር ያስቡ ጀመር፤ አንዱ ስለ ንብ ቀፎ ሲያወሩ ሰማሁ።

አባባ ይማም ግን ከመስታወቱ አልተነሡም። ሚስተርን እንድጠይቅላቸው በእጃቸው ጠሩኝ። አሸዋዎቹ የተለያዩ ሆነው ትልሙ እንዴት እኩል ሆነ አሉ። ሚስተር ሲመልስ፣ ውሃው እጅግ ራቅ ብሎ የሚመላለስ ቢሆን ኖሮ አሸዋዎቹ ይለያዩ ነበር፤ በዚህ ልክ ሲሆን ግን የአሸዋው ዓይነት ለውጥ አያመጣም፣ ስፋቱን የሚወስነው የውሃው ምልልስ ነው አለ።

«አሸዋው አይደለም የሚወስነው?»

«አይደለም። ውሃው ነው።»

አባባ ይማም ሞራ ሲያነቡ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቦታ ቦታውን ያከፋፍሉ ነበር። ይሄኛው አሸዋ ሰዒድ ነው፣ ያኛው ኡመር ነው፤ እንግዲህ ውሃው ማን ሊሆን ነው አሉ። ራሳቸው መለሱ፤ ከዚህ ነገር ውስጥ ቦታ ያልተሰጣት አንዲት ሰው ብቻ ናት። ወደ ሴቶቹ ዞረው «ዘሀራን ጥሯት» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ እንዲህ ያለ ደንብ አያውቁም። አባባ ይማም ግን ያነበቡትን አንብበዋል፤ ከንባባቸው ፎቀቅ የሚሉ ሰው አልነበሩም። ዘሀራ ቀርባ ነጠላዋን አስተካከለች። ማንን እንደምትመርጥ ሲጠይቋት፣ መጀመሪያ ፈረንጁን የምትጠይቀው ነገር እንዳላት ተናገረች። ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ አስተርጉም። ይሄ አስተርጓሚህ ያልገባው ነገር ሲኖር ይጠይቅሃል ወይስ ከራሱ ይጨምራል? በለው።»

ስለ ራሴ፣ በራሴ አፍ ጠየቅሁ። ሚስተር ሳቀ። የመለሰውንም፣ ምርጫ ስላልነበረኝ፣ ቃል በቃል በሕዝብ ፊት ተረጎምኩት፦ «ይጠይቀኛል። አንዱን ነገር አራት ጊዜ ይጠይቀኛል። እንደሱ ዘገምተኛ አስተርጓሚ ገጥሞኝ አያውቅም። ሥራዬ የዘገየው በእሱ ነው።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ኡመር እጁን አነሣና፣ በትሕትና፣ ይህ ምስክርነት ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን፣ የሚተረጉመው እሱው ራሱ አይደለም ወይ አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ዘሀራ ግን አላመነታችም። «ለራሱ የሚያደላ ሰው ዘገምተኛ ነኝ ብሎ ነው የሚያደላው?»

ኡመርም ሳይወድ ሳቀ። እሷ ቀጠለች። «ፍየሉን ጠየቃችሁ፣ አሸዋውን ጠየቃችሁ። እኔ በየጠዋቱ ወተት ይዤ እዚችው ቦታ እመጣለሁ፣ ሁለታችሁም ታዩኛላችሁ፤ የጠየቀኝ የለም። መጠየቅ የሚችል ካለ እሱ ይመስለኛል።» ዓይኔን እያየች «እንግዲህ ጠይቀኝ» አለችኝ።

የከሚሴ ሰው፣ የጨፋ ሰው፣ ከባቲ የመጣው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሦስት ቋንቋ አውቃለሁ ያልኳችሁ ሰው አንድም ቃል ጠፋኝ። ምላሴን ስታገል ቆይቼ በመጨረሻ ቃሉ ወጣ፤ ግን በድንጋጤ የወጣው በእንግሊዝኛ ነበር። የገባው ሚስተር ብቻ ነው፤ ወተት እንዳነቀው ሁሉ ሳል ያዘው።

ዘሀራ ፈገግ አላለችም። «አስተርጉመው» አለችኝ።

«ታገቢኛለሽ ወይ?» አልኩ፣ በአማርኛ።

«ኤዬ» አለች፣ በኦሮምኛ። ይህን ማስተርጎም አላስፈለገም።

ሠርጋችን ላይ እንግዶቹን በመኪናው ያመላለሰው ኡመር ነበር፤ አንድም ሰው አላስከፈለም። ሚስተር ስለ ሁለቱ አሸዋዎች የለካውን ይዞ አገሩ ሄደ። ግድቡ ሳይሠራ ቀረ፤ ቦርከና ዛሬም በክረምት እንደፈቀደው ጨፋ ላይ ይተኛል። አባባ ይማም እስኪያርፉ ድረስ ሞራ ማንበባቸውን አልተዉም፤ ግን ለጋብቻ ሲጠየቁ መጀመሪያ ልጅቷን ጠርታችሁ ጠይቁ ይሉ ነበር። ለዚህም ምክንያታቸው ርኅራኄ ሳይሆን ንባቡ እንዲህ ስለሚል ነው።

እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውን መተንበይ ትቻለሁ። አሸዋ ይተነበያል፤ ውሃው ሦስት ጋት ከሄደ አሸዋው ሁለት ጋት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ግን እንዲህ አይደለም። በቅርቡ፣ ልጆቻችን ከወለዱ በኋላ ማለቴ ነው፣ ዘሀራን እንደ ቀልድ፣ ያኔ ከገንዳው በፊት፣ እሑድ ዕለት ቢጠይቁሽ ማንን ትመርጪ ነበር አልኳት። እኔን እንደምትል እርግጠኛ ሆኜ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ቡና እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ኡመርን» አለችኝ። በዚያች መኪና ተሳፍራ አሰብ ድረስ ሄዳ ባሕር ማየት ትፈልግ ኖሯል። ታዲያ ሰኞ ዕለት ምን ለወጠሽ ስላት፣ «ሰኞማ ጠየቅከኛ» አለች፤ ወደ ቡናዋም ተመለሰች።

እናንተም የምታነቡኝ፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ አውቀዋለሁ ብላችሁ ያልጠየቃችሁት አንድ ነገር ካለ ጠይቁ። መልሱ ደስ ላያሰኛችሁ ይችላል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዱላ ተደግፌ፣ ሚስቴን ባሕር ለማሳየት መኪና እያፈላለግሁ ነው።